ጳጉሜን አሥራ ስምንት

ሥራ የጀመርኩት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ቦታው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ነው፤ ከድሮዎቹ ቪላዎች በአንዱ ውስጥ ሦስት ክፍል የተከራየ የሶፍትዌር ቢሮ። ጡረታ ከወጣሁ አራት ዓመት ሆኖኝ ነበር፤ ቤት መዋሉም ሰልችቶኝ ነበር። የቅጥር ደብዳቤዬ የሥራ መደቤን «ዕቃ ያዥ» ይለዋል። ገብቼ ዙሪያዬን ባይ ግን ያለው አንድ ካርቶን ፍላሽ፣ ሦስት ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተርና የሚንጫጫ ማራገቢያ ብቻ ነው።

የቢሮው ባለቤት ሙክታር ይባላል። የሐረሪ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከበኩር ልጄ አይበልጥም። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ የለም፤ እሱም አንተ ይለኛል፣ እኔም አንተ እለዋለሁ።

«ጋሽ በየነ፣ ኮምፒውተር ታውቃለህ?» አለኝ።

«ማጥፋቱን አውቃለሁ» አልኩት።

ሳቀ። «ማብራቱን ኢፍራህ ታሳይሃለች። እኔ የፈለግኩህ ለቁጥር ነው። የባቡር መለዋወጫ ዕቃ ቤት ሠላሳ ዓመት ሠርተህ አንድ ዕቃ በስህተት አላወጣህም ይሉሃል።»

«ሦስት ጊዜ አውጥቻለሁ» አልኩት። «ሦስቱንም ዕቃ እስከነቁጥሩ አስታውሰዋለሁ።»

«በቃ፣ ሰውዬውን አግኝቻለሁ» ብሎ ወንበር ሳበልኝ።

ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ነው። የላቲን ፊደል ያነበብኩት በአብዛኛው የዕቃ ሣጥን ላይ ነው። ይህን የምጽፈውም ቢሮው ውስጥ ለሚሠሩት ልጆችና ወደፊት ለሚመጡት ነው፤ ሥራውን ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ ሥራው ምን እንዳደረሰብን ግን ላያውቁ ይችላሉ።

ኢፍራህ የቢሮው ፕሮግራመር ናት። ድሬ ያደገች የሶማሌ ልጅ፤ ስትናገርም ስትጽፍም ትፈጥናለች። አዴር ትለኛለች፤ አጎቴ ማለቷ ነው። በሁለተኛው ቀን አጠገቧ አስቀመጠችኝና የሚሠሩትን አስረዳችኝ። ፕሮግራሙ ለጤና ጣቢያ ነው። የሕፃናትን ክትባት ይመዘግባል፤ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ራሱ አስልቶ ካርድ ላይ ያትማል። ጤና ጣቢያዎቹ ዘንድ ኔትወርክ አይታመንም። ስለዚህ ፕሮግራሙ ከነሙሉ ዕቃው ተጠቅልሎ በፍላሽ ይሄዳል። የመጠቅለሉና የማድረሱ ሥራ የእኔ ሆነ።

«አዴር፣ ይሄን ሁሉ እኔ አልጻፍኩትም» አለችኝ፣ ስክሪኑን እያሳየች። «ቀን የሚቆጥረው፣ ካርድ የሚያትመው፣ ስም የሚፈልገው፣ ሌሎች ሰዎች ጽፈው ለሁሉም ያስቀመጡት ነው። ላይብረሪ እንለዋለን። እኛ አርባ ሦስት ላይብረሪ ነው የምንጠቀመው።»

«የጻፉትን ሰዎች ታውቂያቸዋለሽ?»

«አንዱንም አላውቅም።»

«አንዱንም ሳታውቂ ታምኛቸዋለሽ?»

«ኧረ አቦ፣ አዴር! አንተ የባቡሩን ብሎን የሠራውን ፈረንጅ ታውቀው ነበር?»

«እሱን አላውቀውም» አልኳት። «የብሎኑን ቁጥር ግን አውቀው ነበር።»

እሷም የላይብረሪዎቹን ቁጥር አሳየችኝ። ቨርዥን ይሉታል። ሦስት ቁጥር በነጥብ ተለያይቶ ይጻፋል። የመጨረሻው ሲቀየር ጥገና ተደርጎለታል ማለት ነው። የመካከለኛው ሲቀየር የተጨመረ ነገር አለ። የመጀመሪያው ሲቀየር ግን ዕቃው ራሱ ተለውጧል፤ በድሮው ቦታ ላይገጥም ይችላል። ይህን ለመረዳት አልተቸገርኩም። ዕቃ ቤት ሳለሁ አንድ አኃዝ የተለየ ማያያዣ ለሌላ ፉርጎ ነበር የሚሆነው።

አጠቀላለሉ እንዲህ ነው። ትእዛዝ እጽፋለሁ። ማሽኑ አርባ ሦስቱን ላይብረሪ ይሰበስብና ከእኛ ፕሮግራም ጋር ያስራል። ከዚያ ራሱን ይፈትናል፤ ሁሉም ካለፈ አረንጓዴ ያሳያል። ፍላሹ ላይ እገለብጣለሁ፣ በፖስታ አሽጌ የጤና ጣቢያውን ስም እጽፍበታለሁ፣ በባጃጅ እወስዳለሁ፣ እጭናለሁ፣ ተረካቢዋን አስፈርማለሁ።

ማንም ሳያዘኝ የጨመርኩት አንድ ነገር አለ። በእያንዳንዱ ጥቅል የገቡትን የአርባ ሦስቱን ስምና ቁጥር በደብተር እጽፍ ነበር። የቆየ ልማድ ነው፤ ከዕቃ ቤት የወጣ ነገር ሳይጻፍ አይወጣም። ሙክታር በዚህ ሲቀልድብኝ ነው የኖረው።

«ጋሽ በየነ፣ ኮምፒውተሩ ያስታውስ የለም እንዴ?»

«ያስታውስ። እኔም ላስታውስ።»

ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ደብተሬ ላይ ያሉት ቁጥሮች ንቅንቅ አላሉም። ጥቅል በጠቀለልኩ ቁጥር ያው አርባ ሦስት፣ ያው ቁጥር። እኔ የመሰለኝ ኢፍራህ ቁጥሮቹን እንዳይለወጡ ቸንክራቸዋለች ነው። እሷም ራሷ የቸነከረቻቸው መስሏት ረስታው ነበር። ለካ ዝርዝሩ ላይ ከያንዳንዱ ስም ጎን የጻፈችው «ይህ ቁጥር፣ ወይም ከዚህ የበለጠ» የሚል ምልክት ነው። ማሽኑ የበለጠውን እንዲያመጣ ተፈቅዶለታል። ያላመጣው የቢሯችን ኔትወርክ ደካማ ስለነበረ ነው። ወደ ውጭ ሞክሮ ሲያቅተው፣ ከዚህ በፊት አምጥቶ ሆዱ ውስጥ ካስቀመጠው ያነሣል። ያ ሁላችን የምንረግመው ኔትወርክ ነበር ሲጠብቀን የኖረው።

ከዚያ ፋይበር፣ ፈጣኑ የኢንተርኔት መስመር፣ ገባልን። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው። ሙክታር ሁለት ትልልቅ ሐብሐብ አስመጥቶ ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር ቆርሰን በላን። ኢፍራህ «ወላሂ ከዛሬ ጀምሮ ሰው ሆንን» አለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሳቢያን ላለው ጤና ጣቢያ አዲስ ጥቅል ማዘጋጀት ነበረብኝ። ትእዛዙን ጻፍኩ። ድሮ አርባ ደቂቃ የሚፈጀው ሻዬን ሳልጨርስ አለቀ። አረንጓዴ በራ። ደብተሬን አውጥቼ ቁጥሮቹን መጻፍ ጀመርኩ። አሥራ አንዱ ተቀይረዋል። አሥሩ የመጨረሻው ወይም የመካከለኛው ቁጥር ነው የተቀየረው። አንዱ ግን፣ ያ የኢትዮጵያን ቀን የሚቆጥረው፣ የመጀመሪያ ቁጥሩ ከሁለት ወደ ሦስት ሄዷል።

እስክሪብቶዬ ቆመ። ዕቃ ቤት ቢሆን የመጀመሪያ ቁጥሩ የተለየ ዕቃ የዋናው ሹም ፊርማ ሳይኖርበት አይወጣም። ቀና ብዬ አየሁ። ኢፍራህ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከደንበኛ ጋር ታወራለች። ሙክታር እንግዶች ይዟል። የተማሩ ሰዎች ለውጠውታል፣ ፈተናውንም አልፏል፣ እኔ በስድስተኛ ክፍሌ ምን ብዬ ነው የምጠይቀው አልኩ፤ በልቤ። ከቁጥሩ ጎን ትንሽ የመስቀል ምልክት አደረግኩና ዘጋሁት። ቅዳሜ፣ ሐምሌ አሥራ ስድስት ቀን ፍላሹን ሳቢያን አደረስኩ። ጫንኩ። አስፈረምኩ።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ስልኬ ጮኸ። የጤና ጣቢያው የክትባት ክፍል ኃላፊ ሲስተር ትዕግሥት ናት። የደገኛ ልጅ ስለሆነች እርስዎ ነው የምትለኝ።

«አቶ በየነ፣ ጳጉሜን ስንት ቀን ነው?»

«አምስት። አንዳንዴ ስድስት።»

«እንዲያ ከሆነ ይምጡና ይሄን ካርድ ይዩልኝ። ቀጠሮው ጳጉሜን አሥራ ስምንት ነው ይላል።»

ካርዱን የመለሰችው አንዲት እናት ናት። ጎረቤቶቿ ሲስቁባት ቆይተው «ሐኪሞቹ ለአንቺ ልጅ ብቻ አዲስ ቀን አወጡላት» ብለዋታል። ሲስተር የተሰጡትን ካርዶች በሙሉ ከመዝገብ ስታወጣ ብዙዎቹ ጳጉሜን ናቸው። ሦስት የሥራ ቀን ሙሉ ማንም አላየውም። ሰው ካርድ ሲቀበል የሚያየው የልጁን ስም ነው፤ እሷ ደግሞ በሰልፉ ግርግር የምታየው የሚቀጥለውን ልጅ ነው።

ካርዱን ይዤ ከዚራ ተመለስኩ። ኢፍራህ ገና እንዳየችው ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። ሩብ ሰዓት ያህል ቀን የሚቆጥረውን መስመር በመስመር አነበበች።

«አዴር፣ ገባኝ» አለች። «የድሮው የቀን ላይብረሪ መስከረምን ዜሮ ብሎ ነበር የሚጀምረው። ስለዚህ እኔ አንድ እደምርበት ነበር። አዲሱ ራሱ መስከረምን አንድ ብሎ ይጀምራል። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ አሁንም አንድ እየደመረ ነው።»

«ሁሉም ቀጠሮ አንድ ወር ዘግይቷል ማለት ነው?»

«ሁሉም። ነሐሴ ጳጉሜን ሆኗል።»

«ሐምሌስ?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ራሴው ገባኝ። ጳጉሜን የወጣላቸው አያሳስቡም፤ ሰው ይስቅባቸዋል፣ ይመለሳሉ። የሚያስፈራው ቀጠሯቸው ሐምሌ ሆኖ ነሐሴ የወጣላቸው ነው። ነሐሴ ሃያ አምስት የሚባል ቀን አለ። ማንም አይስቅበትም።

ኢፍራህ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። «ፈተናው ካርድ መታተሙን ብቻ ነው የሚያየው፤ ቀኑን አያይም። እኔ ነኝ። የእኔ ጥፋት ነው።»

ሙክታር በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ደብተሬን አውጥቼ መስቀሏን አሳየኋቸው።

«አይቼዋለሁ» አልኩ። «ሲቀየር አይቼ ነው ያሳለፍኩት።»

ሙክታር ደብተሩን ተቀብሎ ቁጥሩን በጣቱ ነካው። «ታዲያ ለምን አልጠየቅክም፣ ጋሽ በየነ?»

«ስድስተኛ ክፍል ነኝ ብዬ ነዋ።»

«ሁለትና ሦስት የተለያዩ መሆናቸውን ለማየት ስንተኛ ክፍል ያስፈልጋል?»

መልሴን ሳይጠብቅ ደብተሩን ኢፍራህ ፊት አስቀመጠና «የሰኔውን ገጽ አውጪ። አርባ ሦስቱንም እንደተጻፈው መልሺ» አላት።

እኔ እያነበብኩ እሷ ጻፈች። ስም፣ ሦስት ቁጥር። ስም፣ ሦስት ቁጥር። «ከዚህ የበለጠ» የሚለውን ምልክት ከያንዳንዱ መስመር አጠፋችና «ከዚህ ጋር እኩል» የሚለውን ተካችበት። ያን ቀን ነው መቸንከር የሚለው ቃል የቢሯችን ቃል የሆነው። ማሽኑ ከእንግዲህ ያንኑ ቁጥር ካላገኘ ቆሞ ይጮሃል እንጂ የመሰለውን አያመጣም። ጥቅሉ በአንድ ሰዓት ውስጥ ተዘጋጀ። ከኢፍራህ ጋር ሳቢያን ወስደን ሲስተር ትዕግሥት ፊት አንድ ካርድ አትመን፣ ሦስታችንም በጣታችን ቆጥረን፣ ትክክል ሲሆን ብቻ ፈረመች።

በሦስቱ ቀን የተሳሳተ ካርድ የተሰጣቸው አሥራ ዘጠኝ ልጆች ናቸው። አሥራ ሦስቱ ጳጉሜን፣ ስድስቱ ነሐሴ። ስልክ መደወሉን ሲስተርና ኢፍራህ ተካፈሉት። ኢፍራህ በሶማሊኛ ጀምራ በኦሮምኛ ትጨርሳለች፤ መሐል ላይ በአማርኛ ይቅርታ ትላለች። እስከ ምሳ አሥራ ስምንቱ ተገኙ። ከነሐሴዎቹ አንዷ አልተገኘችም። የልጅቷ ስም ነኢማ፣ የእናትየዋ ዘይነባ። ስልኳ ዝግ ነው። አድራሻዋ ላይ የተጻፈው «ቀፊራ፣ ቲማቲም» ብቻ ነው።

«አስታውሳታለሁ» አለች ሲስተር። «ልጅቷ ዘጠኝ ወሯን ሐምሌ ሃያ አምስት ትደፍናለች፤ የኩፍኝ ክትባቷ ነው። ካርዱን ስሰጣት 'ነሐሴ ከሆነማ ገጠር እናቴ ዘንድ ደርሼ እመለሳለሁ' አለችኝ። እኔም ካርዱን አምኜ ሂጂ አልኳት።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የምትሄድበት ቀበሌ ኩፍኝ ገብቷል ብለው ትናንት ነግረውናል።»

«መቼ ነው የምትሄደው?»

«አላውቅም። ሄዳም ይሆናል።»

ባጃጅ ያዝኩ። ቀፊራ ገበያ በዚያ ሰዓት ጋሪው፣ ግመሉ፣ ሸክም የያዘው ሰው ሁሉ አንድ ላይ ነው። ቲማቲም የሚሸጡበት ረድፍ ላይ ደርሼ ዘይነባ የሚባል ሰው ስጠይቅ አራት ዘይነባ ተነሡ። «ሕፃን ያላት» ስል ሦስት ቀሩ። «ነኢማ የምትባል» ስል አንዷ ቀና ብላ አየችኝ። ልጅቷ ከኋላዋ ካርቶን ውስጥ ተቀምጣ የሽንኩርት ቅጠል ታኝካለች። ከእናትየዋ ጎን ለመንገድ የታሰረ ሻንጣ አለ።

ማን እንደሆንኩና ለምን እንደመጣሁ ነገርኳት። ከዚያ ካርዷን ከጉያዋ አውጥታ አፍንጫዬ ሥር አደረገችው።

«ይሄ ነሐሴ ይላል። አንተ ሐምሌ ትላለህ። ማነው የጻፈው?»

«ማሽኑ ነው የጻፈው። ማሽኑ ውስጥ የተሳሳተውን ያስገባሁት ግን እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ማሽኑ ለምን አልመጣም?»

«እግር የለውማ!» አለች አጠገቧ ሎሚ የምትሸጥ ሴትዮ። ረድፉ ሁሉ ሳቀ።

ዘይነባ አልሳቀችም። «አባ፣ እኔ ነገ ሐሙስ በጠዋት መኪና ይዤ እሄዳለሁ። እናቴ አሟታል። ከሰው ሁሉ ለምኜ ነው ቦታ ያገኘሁት። ዛሬ አንድ ወረቀት፣ ነገ ሌላ ወረቀት! የቱን ነው የማምነው?»

እውነቷን ነው። የመንግሥት ማኅተም ያለበት ካርድ በአንድ እጅ፣ አንድ የማታውቀው ሽማግሌ በሌላ እጅ። እመኚኝ ብላት ለምን ታምነኛለች?

«ማንንም አትመኚ» አልኳት። «አንቺው ቁጠሪው። ነኢማ መቼ ተወለደች?»

«ጥቅምት ሃያ አምስት።»

«ዘጠኝ ወር ሲሞላት ትከተባለች ብለውሻል?»

«ብለውኛል።»

«በይ እንግዲህ።»

ጎንበስ ብላ ከክምሩ ቲማቲም እያነሣች ጆንያው ላይ መደርደር ጀመረች። «ኅዳር» ብላ አንድ አስቀመጠች። «ታኅሣሥ። ጥር። የካቲት።» ሎሚ ሻጯም አብራት መቁጠር ያዘች። «መጋቢት። ሚያዝያ። ግንቦት። ሰኔ።» ስምንት ሆኑ። ዘጠነኛውን ይዛ እጇ አየር ላይ ቆመ።

«ሐምሌ» አለች ቀስ ብላ።

«ሐምሌ ሃያ አምስት» አልኳት። «የፊታችን ሰኞ።»

ካርዱን አየች፤ ቲማቲሞቹን አየች። ከዚያ ኩፍኙ መግባቱን ነገርኳት። መጀመሪያ ያልነገርኳት በፍርሃት እንዳትወስን ብዬ ነው፤ ቆጥራ ካመነች በኋላ ግን ማወቅ ነበረባት። ልጅቷን ከካርቶኑ አንሥታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት።

«እናቴን ማን ያያታል?»

ይህን ስታስብ ሎሚ ሻጯ ገባች። «መኪናው ላይ የያዝሽውን ቦታ ለእኔ ስጪኝ። እኔ እናትሽን አይቼ፣ መድኃኒቷን ሰጥቼ እሑድ እመለሳለሁ። አንቺ ሎሚዬን ሽጪልኝ። አታርክሺብኝ እንጂ!»

«ሎሚሽ እንኳን ረክሶም የሚገዛው የለ» አለቻት ዘይነባ፤ ያኔ ነው መጀመሪያ የሳቀችው።

ሰኞ ጠዋት ሳቢያን ሄድኩ። ሥራ አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ነው የሄድኩት። ሁለት ሰዓት አልመጣችም። ሦስት ሰዓት አልመጣችም። ሲስተር ትዕግሥት በሩን እያየች ሌሎቹን ትከትባለች፤ እኔም አግዳሚው ላይ ተቀምጬ በሩን አያለሁ። ሦስት ተኩል ሲሆን ዘይነባ ላብ በላብ ሆና ገባች። ባጃጁ ጎማ ተንፍሶበት ግማሹን መንገድ በእግሯ መጥታለች። ነኢማ ተከተበች። ጤና ጣቢያው እስኪናወጥ አለቀሰች፤ እንዲህ ደስ የሚል ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። አዲሱን ካርድ ስትቀበል ዘይነባ ካርዱን ወደ እኔ አዞረችው።

«አባ፣ ይሄኛው የሰው ቀን ነው?»

ቆጠርኩላት። የሰው ቀን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሥራዬ ተለወጠ። ሙክታር መደቤን «የቨርዥን ተቆጣጣሪ» አለውና የእኔ ፊርማ የሌለበት ጥቅል አይወጣም አለ። እኔ ደግሞ ከፍርሃቴ የተነሣ አበዛሁት። ሁሉን ቸነከርኩ። ኢፍራህ የቀን ስሌታችንን ለብቻው አውጥታ ላይብረሪ አድርጋው ነበር፤ ሌሎች ቢሮዎችም ይጠቀሙበት ጀመር። እሱንም በቸነከርናቸው ቁጥሮች አሠርኩት። አንድ ቀን ከጅግጅጋ አንድ ፕሮግራመር ደወለ።

«የእናንተ ላይብረሪ ሌላውን ሁሉ በአንድ ቁጥር ብቻ ካልሆነ አልሠራም ይላል። የእኔ ፕሮግራም ደግሞ ከሱ አንድ ጥገና ከፍ ያለ ነው የሚፈልገው። ሁለቱ አንድ ማሽን ላይ አልቀመጥም አሉ። ላጋባቸው ነው ላፋታቸው?»

ኢፍራህ ስትስቅ ቆይታ አስረዳችኝ። ለሌሎች የምንሰጠውን ላይብረሪ ስንጠቀልል «ከዚህ እስከዚህ ይሠራል፤ የመጀመሪያው ቁጥር ከተቀየረ ግን አይሆንም» ብለን ክልል እንጽፋለን። ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄደውን ሙሉ ጥቅል ግን እስከ መጨረሻው አኃዝ እንቸነክራለን። ለሰው የሚሰጥ ዕቃ ከሰው ዕቃ ጋር መግጠም አለበት፤ መስመር ላይ የሚወጣው ባቡር ግን ብሎኑ የታወቀ መሆን አለበት።

ሌላም ጊዜ የስም መፈለጊያው ላይብረሪ ላይ ቀዳዳ ተገኘ፤ ሌባ መዝገቡን ሊያይበት ይችላል ተባለ። ጥገናው ወጥቷል። እኔ ሁለት ሳምንት አልፈርምም አልኩ። የሚሠራ ነገር አይነካም ብዬ ድርቅ አልኩ።

«ጋሽ በየነ» አለኝ ሙክታር፣ «እሳት ቢነሣ የቸነከርከውን በር በምን ትከፍተዋለህ?»

በማግሥቱ ፈረምኩ። አሁን በየወሩ የመጀመሪያው ሰኞ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ እንፈታለን። አዲሱን ቁጥር በመሞከሪያ ማሽን እንጭናለን፤ ምን እንደተቀየረ እናነባለን፤ የአሥራ ሦስቱንም ወር ካርድ አትመን በዓይናችን እናያለን። ካርዱ ላይ ጳጉሜን ከስድስት ያለፈ ቀን ከወጣ ማሽኑ ራሱ ጥቅሉን እንዲያግደው ኢፍራህ ጽፋለታለች። ትክክል ከሆነ በአዲሱ ቁጥር መልሰን እንቸነክራለን፤ ማን እንደለወጠውና ለምን እንደለወጠው እንጽፋለን።

ኢፍራህ የቀኑን ላይብረሪ ለሠራው ሰው ጽፋለት ነበር። በማግሥቱ መለሰላት። ወሮቹን ከአንድ ማስጀመሩ የተሻለ መስሎት እንደሆነ፣ የመጀመሪያውን ቁጥር ከሁለት ወደ ሦስት የለወጠውም ሰው እንዲጠነቀቅ ብሎ መሆኑን ነገራት። እውነቱን ነው። አስጠንቅቆናል። ማስጠንቀቂያውንም ያየ ሰው ነበር።

እኔ የተማርኩት ይህን ነው። የሚሠራውን ቁጥር እስከ መጨረሻው አኃዝ ጻፉ፤ ቸንክሩት፤ ስትለውጡ አውቃችሁ ለውጡ። ቁጥር ተለውጦ ካያችሁ ደግሞ ሥራውን አቁማችሁ ጠይቁ። ስንተኛ ክፍል እንደሆናችሁ ማንም አይጠይቃችሁም።